የዕጩው ሃይማኖት እኔን ይመለከተኛል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ነገር ላይ ነው። ዕጩው ምን ያምናል? የት ነው የሚጸልየው? ሚስቱስ? አንዳንዱ ተናዶ ጽፏል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከልቡ ግራ ገብቶት። የሌላውን እምነት የሚሰድቡትን ትተን ከቀሩት የተወሰኑትን መርጠናል። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል፣ ስምም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዜግነት ያገኘሁት በቅርቡ ስለሆነ በሚመጣው ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ እሰጣለሁ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ እህቶች «አማኝ ያልሆነ ሰው እንዳትመርጪ» ይሉኛል። ቤት ስገባ ደግሞ ባለቤቴ «የዕጩን ሃይማኖት መጠየቅ ራሱ ነውር ነው፣ እዚህ አገር በሕግ የተከለከለ ነው» ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ግማሹን አግኝቶታል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ማንም ሰው የመንግሥት ሥልጣን ለመያዝ የሃይማኖት መመዘኛ ሊቀርብበት አይችልም ይላል። ይህ ግን የሚያስረው መንግሥትን ነው። ምርጫ የሚያስፈጽመው ባለሥልጣን አንዱን ሰው «ሙስሊም ስለሆንክ አትወዳደርም»፣ ሌላውን «እምነት ስለሌለህ አትወዳደርም» ሊለው አይችልም። አንቺ ግን ድምፅ መስጫው ጋ ብቻሽን ነሽ። በፈለግሽው ምክንያት ብትመርጪ ማንም ለምን አይልሽም። ስለዚህ መብቱ አለሽ። ጥያቄው መብትሽን ተጠቅመሽ ምን ትጠይቂያለሽ የሚለው ነው።

እዚያው አንቺ ያለሽበት አገር የሆነውን ላጫውትሽ። እ.ኤ.አ. በ1928 የኒውዮርኩ ገዢ አል ስሚዝ ለፕሬዚዳንትነት ቀረበ። ካቶሊክ ነበር። ያኔ ከኒውዮርክ ወደ ኒው ጀርሲ በወንዝ ሥር የሚያልፈው የሆላንድ ዋሻ ከተከፈተ ገና አንድ ዓመት ገደማው ነው። የዋሻው ፎቶ ለሰው እየታየ «ስሚዝ ካሸነፈ ይሄ ዋሻ በባሕር ሥር እስከ ሮም ይቀጥላል፣ የሮሙ ጳጳስም በዚያው ይመጣሉ» ተብሎ ተወራ። ያመነው ሰው ጥቂት አልነበረም። ስሚዝ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። የተሸነፈው በሃይማኖቱ ብቻ አይደለም፤ ኢኮኖሚው ለተቀናቃኙ ፓርቲ ጥሩ ነበር፣ መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን ክልከላውን መቃወሙም ጎድቶታል። ግን ስለ ሥራው ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ስለ ዋሻ ሲመልስ ከረመ።

ከ32 ዓመት በኋላ ጆን ኬኔዲ መጣ። እሱም ካቶሊክ ነው። የራሱ ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ የስሚዝ ዕጣ ይደርስበታል ብለው ፈርተው ነበር። ትልቁ ፈተና የነበረው ዌስት ቨርጂኒያ ላይ ነው፤ ሕዝቡ በብዛት ፕሮቴስታንት፣ ሥራው የድንጋይ ከሰል ቁፋሮ፣ ኑሮው ድህነት። ኬኔዲ ነገሩን አላድበሰበሰውም። ባሕር ኃይል ስገባ ካቶሊክ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ ወንድሜም ለመጨረሻ በረራው አውሮፕላኑ ላይ ሲወጣ ማንም አልጠየቀውም አላቸው። ወንድሙ ጆ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በረራ ላይ እያለ ነው የሞተው። ዌስት ቨርጂኒያን በሰፊው አሸነፈ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1960 ደግሞ ሂውስተን ሄዶ በፕሮቴስታንት ሰባኪያን ፊት ቆመ። እኔ የካቶሊኮች ዕጩ አይደለሁም፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ነኝ፣ ካቶሊክም ነኝ አለ። ሥልጣኑና ሕሊናዬ የማይታረቁበት ቀን ከመጣ ሥልጣኑን እለቃለሁ ብሎም ጨመረ። ከዚያ ጥያቄያቸውን አንድ በአንድ መለሰ። ያሸነፈው ከ68 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ በ110 ሺህ ገደማ ልዩነት ነው።

ከዚያ ምርጫ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የአንድ ፓስተር ነገር ነው። የማርቲን ሉተር ኪንግ አባት፣ የአትላንታው የባፕቲስት ሰባኪ፣ ካቶሊክ አልመርጥም ብለው ለኬኔዲ ተቀናቃኝ ለኒክሰን ቆመው ነበር። በዚያው ኦክቶበር ልጃቸው አትላንታ ውስጥ ተያዘና ጆርጂያ ውስጥ ወደሚገኝ እስር ቤት ተወሰደ። ኬኔዲ ነፍሰ ጡር ለነበረችው ለኪንግ ባለቤት ስልክ ደወለላት፤ ወንድሙ ሮበርት ደግሞ ለዳኛው ደወለ። ኪንግ ተፈታ። አባትየው በአደባባይ ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ ድምፄን ለኬኔዲ እሰጣለሁ አሉ። እምነታቸውን ግን አልቀየሩም። ሰውየው የቤተ ክርስቲያናቸው አባል ባይሆንም ለቤታቸው መከራ ምን እንዳደረገ አዩ።

እኔ ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የእሱን እምነት የማይጋራ ሰው ችግር ላይ ሲወድቅ ይህ ዕጩ ምን አደረገ? እምነቱና ሕጉ ተጋጭተውበት ያውቃሉ ወይ፣ ያኔስ የት ቆመ? ሥልጣን ሲይዝ አጠገቡ የሚያስቀምጣቸው እነማን ናቸው? እነዚህ ስለ ሃይማኖት የሚጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው፣ ነውርም የለባቸውም። ለእህቶችሽ ደግሞ በትሕትና እንዲህ በያቸው፦ አሜሪካ ውስጥ ለትልቅ ሥልጣን ከሚወዳደሩት ሁሉም ማለት ይቻላል አማኝ ነኝ ይላሉ፤ ስለዚህ በዚህ ወንፊት ማንም አይቀርም። የኮንግረስ አባል ከሆነ በየትኛው ሕግ ላይ ምን ድምፅ እንደሰጠ በኮንግረሱ ድረ ገጽ ተመዝግቦ አለ። ስለ ስደተኛ፣ ስለ ጤና መድን፣ ስለ ልጆችሽ ትምህርት ቤት ምን እንደወሰነ እዚያ ታገኛለሽ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ ልጆችሽ ያንብቡልሽ፣ እነሱም ይማሩበታል።

ጥያቄ፦ ቤሩት በሰው ቤት ተቀጥሬ ነው የምሠራው። እዚህ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ሰው የሚያወራው ስለ ሃይማኖት ብቻ ነው። ማዳም ፕሬዚዳንቱ የግድ ክርስቲያን ነው የሚሆነው ትላለች። እውነት ሕግ ነው? አንዳንዴ ሳስበው እኛም አገር ሥልጣኑ በሃይማኖት ቢከፋፈል ጠቡ የሚበርድ ይመስለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ማዳም ያለችሽ ልክ ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፎ አታገኚውም። ሊባኖስ ከፈረንሳይ ነፃ ስትወጣ እ.ኤ.አ. በ1943 መሪዎቹ በቃል የተስማሙት ነው። ፕሬዚዳንቱ ማሮናይት ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ ሙስሊም፣ የፓርላማው አፈ ጉባኤ ሺዓ ሙስሊም ይሁን ተባባሉ። እስከ ዛሬም በዚሁ ይሄዳል። የፓርላማው ወንበርም በሃይማኖት የተደለደለ ነው፤ ድሮ ለክርስቲያኖቹ ይበዛ ነበር፣ የእርስ በርስ ጦርነቱን ለማቆም ከተደረገው ከ1989ኙ የጣይፍ ስምምነት ወዲህ ግማሽ በግማሽ ሆኗል።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ማንም ማንንም አይዋጥ ከሚል ስጋት የመጣ ነው። የሆነውን ግን እይ። አገሪቱ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ በይፋ የቆጠረችው በ1932 ነው። ከዚያ ወዲህ አልተቆጠረም፤ ከተቆጠረ የወንበሩ ድርሻ ሊነሳ ነው፣ ያንን ደግሞ ማንም አይደፍርም። ድልድሉ እያለም ከ1975 እስከ 1990 እርስ በርስ ተዋጉ። ፓርላማው መስማማት አቅቶት ከኦክቶበር 2022 እስከ ጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት አልነበራቸውም፤ ምናልባት አንቺም እዚያው ሆነሽ አይተሽው ይሆናል። አገር ውስጥ በማዘጋጃ ቤት መጋባት አይቻልም፤ ሃይማኖታቸው የሚለያይ ወጣቶች ቆጵሮስ ሄደው ተጋብተው ይመለሳሉ። በ2019 ኦክቶበር አደባባይ የወጡት ወጣቶች «ሁሉም ማለት ሁሉም» እያሉ ይጮኹ የነበረው ለዚህ ነው፤ የኔ ሃይማኖት መሪ ይቅርልኝ አላሉም፣ ሁሉም ይውረዱ ነው ያሉት።

የአንቺን ጉዳይ ደግሞ ጨምሪበት። የማሮናይት ወንበር አለ፣ የሱኒ አለ፣ የሺዓ አለ፣ የዱሩዝና የአርመንም አለ። በ1946 የወጣው የሠራተኛ ሕግ ግን የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አያቅፍም። ስንት ፓርላማ ተቀያየረ፣ ይህ አልተቀየረም። ወንበር የሚደርሰው ስሙ ድልድሉ ውስጥ ላለ ነው፣ የሌለ ሰው ጠያቂ የለውም። እኛም አገር እንደዚያ ቢደለደል መጀመሪያ ሰሞን ሰላም ሊመስል ይችላል። ከዚያ ግን ልጅሽ የቱንም ያህል ብትማር የማትደርስበት ወንበር ይኖራል፤ ምክንያቱ ደግሞ የተጠመቀችበት ወይም ያልተጠመቀችበት ቦታ ይሆናል። ለልጅሽ ይህን አትመኚላት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ «ኢትዮጵያ ውስጥ መሪ ኦርቶዶክስ መሆን አለበት የሚል ሕግ ነበር» ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ከሆነስ መቼ ቀረ?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ይሆናል ይል ነበር። ከዚያ በፊት በወረቀት ሳይሆን በልማድ የጸና ነገር ነበር፤ ልማዱ ደግሞ ከወረቀት ይጠነክራል። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገሩን ሁሉ ካቶሊክ ላድርግ ሲሉ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ ይመለስ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እዚህ ላይ ቆም በልና ልብ አድርግ። ሕዝቡን ያስነሳው ሱስንዮስ በግላቸው ምን አመኑ የሚለው ብቻ አልነበረም፣ እምነቱን በመንግሥት ጉልበት መጫናቸው ነው።

የልጅ ኢያሱ ታሪክ ግን ሌላ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ ተሰብስበው ከሥልጣን አወረዱት። ዋናው ክስ ሰልሟል የሚል ነበር። አቡነ ማቴዎስም መኳንንቱን ለኢያሱ ከገቡት መሐላ ፈቱ። እውነት ሰልሞ ነበር ወይ? የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የማያከራክረው ሐረር ውስጥ ከሙስሊሞች ጋር መቀራረቡ፣ ከሙስሊም ቤተሰብ ማግባቱ፣ አባቱ ንጉሥ ሚካኤልም ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ እንደነበር ነው። በስተጀርባ ግን ብዙ ሌላ ነገር ነበር፤ የሸዋ መኳንንት የሥልጣን ስጋት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከቱርክና ከጀርመን ጋር መወዳጀቱ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ጫና። ያ ሁሉ የፖለቲካ ክርክር በአንድ የሃይማኖት ክስ ተጠቅልሎ አለቀ። ስለ መንግሥት አመራሩ በደንብ የተከራከረ የለም፤ በወሩ ሰገሌ ላይ በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ረገፈ። የመሪ ሃይማኖት ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ይውጠዋል።

ሕጉ የቀረው ከዘውዱ ጋር በ1967 ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። አንቀጽ 38 ደግሞ የመምረጥና የመመረጥ መብት ላይ በሃይማኖት ልዩነት አይደረግም ይላል። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በ2005 መስከረም ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ የሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን አባል ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን አማኝ ናቸው፣ አባታቸው ሙስሊም ነበሩ። ከመቶ ዓመት በፊት የማይታሰብ ነበር።

ያኔ ሰው የተነጋገረው እንዴት ነበር? አንዱ «ተራው የእኛ ደረሰ» አለ፣ ሌላው «አለቀልን» አለ። ሁለቱም ስለ ሥራው አልጠየቁም። መሪውን በየትኛው ጸሎት ቤት ይዘምራል ብሎ ከመመዘን በአንቀጽ 11 መመዘን ይሻላል። ለምሳሌ በሐምሌ 2010 ለሁለት ተከፍሎ የነበረው የኦርቶዶክስ ሲኖዶስ ሲታረቅ የጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነበረበት፣ ብዙ ምእመናንም በደስታ አልቅሰዋል። በ2012 የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌል አማኞች ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኙ። በጥር 2015 ደግሞ ከቅዱስ ሲኖዶስ ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት በተደረገ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ መንግሥት ጣልቃ ገብቶብኛል ብላ አምርራ ተቃወመች፣ ምእመኑም ጥቁር ለበሰ። እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጥና ድንበሩ የት ተከበረ፣ የት ተጣሰ ብለህ ከጓደኞችህ ጋር ተከራከር። ያ ክርክር የመሪውን ሃይማኖት ሳያነሱም ይካሄዳል፤ እንዲያውም ሳይነሳ ሲቀር ይጠራል።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፈው። አባቶቻችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባሉ ነበር፣ እንግዳ ይመስል። ቢሮ የለም፣ መሬት የለም፣ በዓል የለም። አሁን ሙስሊም ዕጩ ካገኘሁ ሌላ ሳልጠይቅ እሱን ነው የምመርጠው። ክርስቲያኑ ስንት ዘመን የራሱን ሲሾም ኖሮ እኔ ላይ ሲደርስ «ሃይማኖት አትመልከት» መባሉ አይዋጥልኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅሬታህ ልክ ነው፣ ማንም ሊያስተባብልህ አይገባም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሰልፍ የወጣው በዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ሙስሊሞች እንባል፣ በዓላችን ይከበር፣ የመንግሥት ሥራ አይዘጋብን ነው ያሉት። ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። በዓላቱ የተከበሩት ከዚያ በኋላ ነው። የተገኘው በትግል እንጂ በችሮታ አይደለም።

እንግዲህ እኔ የምለይህ አንድ ቦታ ላይ ነው። በሩ ለሁሉም ይከፈት ማለትና ድምፄን በስሙ ብቻ እሰጠዋለሁ ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ከአንተ ጋር እጮኻለሁ። ሁለተኛው ግን የሚጎዳው አንተኑ ነው። ምንም ቢያደርግ እንደምትመርጠው ያወቀ ዕጩ ለደሴ መንገድ፣ ለደሴ ውኃ የሚደክምበት ምክንያት የለውም። የሚደክመው ገና ላላገኘው ድምፅ ነው።

ሴኔጋልን ውሰድ። ከሕዝቡ ከ90 በመቶ በላይ ሙስሊም ነው። ነፃ ሲወጡ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር ካቶሊክ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1980 መራ። ከዚያ በፊት ዋና ተቀናቃኙ የነበረው ላሚን ጌይ ሙስሊም ነበር፣ የከተማ ጠበቃ። ሴንጎር ግን ገጠር ገባ፣ ኦቾሎኒ የሚያመርተውን ገበሬ አዳመጠ፣ ሙሪድ የሚባለው የሱፊ ሙስሊሞች ማኅበር ታላላቅ ሼሆችም ደገፉት። ሼሆቹ እምነታቸው ላልቶ አይደለም። የገበሬው ነገር የሚገባው ማነው ብለው ነው። ሴንጎር እንከን የለሽ ነበር ማለቴ አይደለም፤ በ1962 ሙስሊሙን ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማማዱ ዲያን አስሮ ለዓመታት አቆይቶታል። ቢሆንም የዚያን አገር መራጭ ስም አልሸነገለውም።

ናይጄሪያን ደግሞ ተመልከት። እዚያ ለፕሬዚዳንትነት አንዱ ሙስሊም ከሆነ ምክትሉ ክርስቲያን ይሁን የሚል ልማድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ምርጫ ቦላ ቲኑቡ ይህን ጥሶ ምክትሉን ካሺም ሸቲማን አደረገ፣ ሁለቱም ሙስሊም ናቸው። የክርስቲያን ማኅበራት ክፉኛ ተቃወሙ። የቲኑቡ ባለቤት ግን ራሷ ፓስተር ናት። አሸነፉ። ከዚያ የነዳጅ ድጎማው ተነሳ፣ የናይራ ዋጋ ወደቀ፣ ዳቦ ተወደደ፤ ሲወደድ ደግሞ ለካኖ ሙስሊምም ለኤኑጉ ክርስቲያንም እኩል ነው የተወደደው።

አንድ ቁጥር ልንገርህና ልብቃ። በእኛ አገር በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊም 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንት 18.5 በመቶ ገደማ ነበር። አየህ፣ ግማሽ የደረሰ የለም። ሁሉም ስሙን ቆጥሮ መምረጥ ከጀመረ አንተም ትሸነፋለህ፣ ኦርቶዶክሱም ይሸነፋል፣ ጴንጤውም ይሸነፋል፣ ከዚያ የሚቀረው ሁለቱ በሦስተኛው ላይ መዶለት ነው። ሙስሊም ዕጩ ካለህ ከሌላው እኩል አፋጠህ ጠይቀው፣ መልሱ ካረካህ ምረጠው። ያኔ እኔም ከአንተ ጋር ልመርጠው እችላለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ጎንደር። እናንተ ዘመናዮች ሃይማኖት አይታይ ትላላችሁ። እግዚአብሔርን የማይፈራ ሰው ሕዝብን ያፍራል? ሃይማኖተኛ ሰው ቢያንስ አይሰርቅም። ይህን እንዴት ታየዋለህ?

መልስ፦ አባቴ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ሥልጣን ላይ ቢቀመጥልን እኔም ደስ ይለኛል። የሚቸግረኝ ልቡን የምናይበት መንገድ አለመኖሩ ነው። እኛ የምናየው በበዓል ቀን ካሜራ ፊት ሲያስቀድስ ወይም ሲሰግድ ነው። አሜሪካኖቹም በዚህ ተፈትነዋል። ጂሚ ካርተር ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ዳግም ተወልጃለሁ ብሎ በአደባባይ የሚመሰክር ባፕቲስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ምርጫ ግን ከወንጌላውያኑ ነጮች አብዛኞቹ ድምፃቸውን ለሮናልድ ሬገን ሰጡ፤ ሬገን የመጀመሪያ ትዳሩ ፈርሶ ሌላ ያገባ የቀድሞ የፊልም ተዋናይ ነበር። አማኞቹ ራሳቸው የሰውየውን ጸሎት ብቻ አልመዘኑም። እርስዎ ስለ ሌብነት ነው የተጨነቁት፣ እውነትዎን ነው። ለሌብነት ደግሞ የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ስንት ብር በደረሰኝ ማወራረድ እንዳቃተው በቴሌቪዥን ይነበባል። ያንን ዕለት ያዳምጡ። መሥሪያ ቤቱን ሲመራ የነበረ ሰው ድምፅ ሊጠይቅዎ ሲመጣ ስለዚያ ይጠይቁት፤ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ሲጠይቅ መልሱን ማድበስበስ ይከብደዋል።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነው የምኖረው። ሰባኪያችን ስብከቱ መሀል የዕጩ ስም ጠርቶ «ይህን ምረጡ» አለን። ይፈቀዳል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ሕግ ከግብር ነፃ የሆኑ ተቋማት፣ ቤተ እምነቶችንም ጨምሮ፣ ዕጩ ደግፈው ወይም ተቃውመው መቀስቀስ እንደማይችሉ ይደነግጋል። ሲተገበር የታየው ግን ከስንት አንዴ ነው፣ በቅርብ ዓመታትም ብዙ ተሟግተውበታል። ሕጉን ተወውና፣ እኔ ቢፈቀድም አልወደውም። ሰባኪው ስለ ድሃ፣ ስለ ስደተኛ፣ ስለ ፍትሕ ይናገር፣ ጠንከር አድርጎም ይናገር፤ የዕጩ ስም ሲጠራ ግን ያንን ዕጩ የማይወድ ምእመን በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ እንግዳ ይሆናል። ዕጩው ነገ ሲያጠፋ ደግሞ ሰባኪው አብሮ ይጠየቃል። ለብቻው አግኝተህ በአክብሮት ንገረው። ሰው ፊት አታድርገው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ስለ አንድ ፖለቲከኛ «በስውር ሃይማኖቱን ቀይሯል» የሚል ነገር በድምፅና በፎቶ ይዞራል። እኔ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ውሸት ነው ብዬ ጻፍኩ፣ ስድብ ነው ያተረፍኩት። ምን ልበል?

መልስ፦ ዝም አለማለትህ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ኦባማ በስውር ሙስሊም ነው እየተባለ ሲወራ ሁለት ሰዎች የመለሱትን ልንገርህ፣ ሁለቱም ከተቀናቃኙ ከሪፐብሊካን ፓርቲ ነበሩ። አንዱ ራሱ ተወዳዳሪው ጆን ማኬይን ነው። ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት ደጋፊው ተነስታ ኦባማን አላምነውም፣ ዐረብ ነው ስትል ማይኩን ወሰደባትና አይደለም፣ ጨዋ የቤተሰብ ሰው ነው፣ በመሠረታዊ ጉዳዮች የማንስማማ ዜጋ ነው አላት። የገዛ ደጋፊዎቹ እያጉረመረሙበት ነው ይህን ያለው። ትልቅ ሰው ነው። ግን መልሱ ውስጥ የተዘለለ ነገር አለ፤ ዐረብ የሆነ ሰው ጨዋ የቤተሰብ ሰው መሆን አይችልም ወይ?

ያንን የሞላው ጄኔራልና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ኮሊን ፓወል ነው። ኦክቶበር 19 ቀን በቴሌቪዥን ቀርቦ መጀመሪያ ኦባማ ክርስቲያን ነው፣ ሁልጊዜም ክርስቲያን ነበር አለ። ከዚያ ቢሆንስ? አለ። እዚህ አገር ሙስሊም መሆን ጥፋት ነው ወይ? የሰባት ዓመት ሙስሊም ልጅ ፕሬዚዳንት እሆናለሁ ብሎ ቢያስብ ምን ነውር አለበት? ቀጥሎም መጽሔት ላይ ስላየው ፎቶ ተናገረ። አንዲት እናት አርሊንግተን መካነ መቃብር ውስጥ የልጇን የመቃብር ድንጋይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ድንጋዩ ላይ መስቀል አልነበረም፣ የዳዊት ኮከብም አልነበረም። ጨረቃና ኮከብ ነበረበት። ልጁ ኢራቅ ላይ በ20 ዓመቱ የሞተ የአሜሪካ ወታደር ነው።

አንተ እስካሁን የጻፍከው የማኬይንን መልስ ነው። የፓወልን ጨምርበት። ውሸት ነው በል፣ ማስረጃ ካለህ ለጥፍ፣ ከዚያ ቢሆንስ ብለህ ጠይቃቸው። ግሩፓችሁ ውስጥ ስሙ የሚነሳበት ሃይማኖት ተከታዮች ይኖራሉ፣ ዱባይ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ አብራችሁ የምትኖሩም አትጠፉም። እነሱ ያንን ድምፅ እየሰሙ ምንም ሳይጽፉ እያለፉ ነው። የአንተን መልስ ያነቡታል።